«እንዴት አስወጣችሁት?»፦ የአምባ ግሸን ጠባቂዎች ቅጣትና የጤና ባለሙያው ስሕተት

መግቢያ

በሥራ ላይ ለተፈጸመ ትንሽ ስሕተት ምን ያህል ቅጣት ይገባል የሚለው ጥያቄ በየጤና ተቋሙ የዲስፕሊን ኮሚቴ ፊት በየጊዜው ይቀርባል። ከተረኝነት ወጥተው ሻይ የሚጠጡ ባልደረቦችም ስለዚሁ ጉዳይ ያወራሉ። በጉዳዩ ላይ የሚሰጡ ሥልጠናዎች ምሳሌዎቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሆስፒታሎች ስለሚወስዱ ነገሩ ከውጭ የመጣ የአስተዳደር ትምህርት መስሎ ይታያል። ሆኖም የራሳችን ታሪክ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት በአምባሰል ምድር በጥበቃ ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ለአንድ የሥራ ጉድለት የተቀበሉት ቅጣት በዓይን ምስክር ተጽፎ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ በሐኪም ዓይን መመርመርና ለዛሬው የጤና ባለሙያ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ሐይቅ፣ አምባሰልና የ«ዐቃቤ» ሥራ

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ የሐይቅን ከተማ ያገኛል። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ሐይቅ ውስጥ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ምዕተ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ካስተማሩበት ጊዜ ጀምሮ ስመ ጥር የትምህርት ማዕከል ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚሁ ገዳም ደቀ መዛሙርት አንዱ ነበሩ። ዛሬ ገዳሙ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል፤ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግን በደሴት ላይ ነበር። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ይህም በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ከፍተኛ ክብር የሚሰጠው ሹመት ነበር።

ከሐይቁ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በአምባሰል ወረዳ፣ አምባ ግሸን ይገኛል። ዛሬ ምእመናን መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያምን በዓል ለማክበር የሚወጡበት ይህ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች የሚጠበቁበት ስፍራ ነበር። ዙፋን ሊወርሱ የሚችሉ ሁሉ ከአምባው እንዳይወርዱ፣ ከውጭ ካለ ሰውም ጋር መልእክት እንዳይለዋወጡ ይደረግ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ሆኑ ዐፄ ናዖድ ለንግሥና የተጠሩት ከዚህ አምባ ነው።

«ዐቃቤ» ማለት ጠባቂ ማለት ነው። በሐይቅ የሰዓት ጠባቂ፣ በግሸን የልዑላን ጠባቂ ነበረ። የጥንቱ ቋንቋችን ሐኪሙንም «ዐቃቤ ሥራይ» ይለዋል፤ የመድኃኒት ጠባቂ እንደ ማለት ነው። የጥበቃ ሥራ ባሕርይ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ሺህ ሌሊት በሰላም ቢያልፍ ማንም አያስተውለውም፤ አንዲት ሌሊት ብትጎድል ግን ሁሉ ይጠይቃል። የግሸን ጠባቂዎች ታሪክ ለእኛ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓይን ምስክሩና ያየው ነገር

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሮድሪጎ ደ ሊማ የተመራው የፖርቱጋል መልእክተኞች ጓድ ቄስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ደረሰ። እስከ 1526 ድረስም በዐፄ ልብነ ድንግል ግዛት ቆየ። ያየውንና የሰማውን የመዘገበበት መጽሐፍ በ1540 በሊዝበን ታተመ። ይህ ቄስ የሚያየውን ነገር በዝርዝር የሚመለከት ሰው ነበር። ስለ ሐይቅ ሲጽፍ በደሴቱ ላይ ስላለው የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ስለ ሎሚውና ስለ ብርቱካኑ፣ መነኮሳቱ ስለሚሻገሩባት በትላልቅ ቅሎች ስለምትንሳፈፍ የደንገል ታንኳ፣ እንዲሁም በውኃው ውስጥ ስላሉት ጉማሬዎች ሳይቀር ይተርካል።

ይኸው ሰው በንጉሡ ሰፈር ሳለ አንድ ቀን ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው መነኩሴና ከእርሱ ጋር ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሲቀርቡ አየ። መነኩሴው በአምባው ካሉት ልዑላን ደብዳቤ ይዞ መጥቷል ተብሎ የተከሰሰ ነው። ሁለት መቶዎቹ የአምባው ጠባቂዎች ናቸው። በሰፈሩ የተወራው ደብዳቤዎቹ ለፖርቱጋሎች የተጻፉ ናቸው ተብሎ ነበር።

መነኩሴው በየሁለት ቀኑ ይገረፍ ነበር። ጠባቂዎቹ ለሁለት ተከፍለው፣ እርሱ በሚገረፍበት ቀን ግማሾቹ ከእርሱ ቀጥለው ይገረፉ ነበር። ሁሉም እርስ በርሳቸው እየተያዩ ነው የሚገረፉት። ተገራፊው በሆዱ ተደፍቶ እጆቹ ከሁለት ካስማ ይታሰራሉ፤ እግሮቹ በገመድ ታስረው ሁለት ሰዎች ይጎትቱታል፤ ሁለት ገራፊዎች ደግሞ ከግራና ከቀኝ ይቆማሉ። ከምቱ ብዙው መሬት ላይ ያርፍ እንደነበር፣ ሁሉም ሰውነት ላይ ቢያርፍ ሰውየው እዚያው ይሞት እንደነበር አልቫሬዝ ይናገራል። ከጠባቂዎቹ አንዱ ከግርፋቱ ተነሥቶ በልብስ ሳይሸፈን ሞተ። ይህ ለንጉሡ በተነገረ ጊዜ ሬሳው ወደ መገረፊያው እንዲመለስ፣ የሚገረፉትም ጭንቅላታቸውን በሟቹ እግር ላይ እንዲያኖሩ ታዘዘ። ቅጣቱ ከቅዳሜና ከእሑድ በስተቀር ሳይቋረጥ ሁለት ሳምንት ቀጠለ።

በሐኪም ዓይን

የሟቹን ትክክለኛ የሞት መንስኤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ መናገር አይቻልም። ነገር ግን ግርፋት የቆዳ ቁስል ብቻ አለመሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ጡንቻ በኃይል ሲደቀደቅ ፖታሲየምና ማዮግሎቢን ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ የመጀመሪያው ልብን ያቆማል፤ ሁለተኛው ኩላሊትን ያዳክማል። ይህ ሂደት በሕክምናው ዓለም በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1941 ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች በለንደን የቦምብ ድብደባ ፍርስራሽ ሥር ተይዘው የቆዩ ሰዎችን ሁኔታ ካሳተሙ በኋላ ነው። ቁስሉ ሳይሽርና እብጠቱ ሳይጎድል ዳግመኛ መገረፍ አደጋውን እንደሚያከፋው ለጤና ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከግርፋቱ አፈጻጸም ሌላም ነገር ይነበባል። ምቱ መሬት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ፣ የእርስ በርስ መተያየቱና ጭንቅላትን በሬሳ እግር ላይ ማኖሩ የሚያሳዩት ቅጣቱ ከተቀጪው ይልቅ ለተመልካቹ የተዘጋጀ መሆኑን ነው። ዓላማው ፍርሃትን ማስተማር ነበር።

አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ትርጉም

ለመነኩሴው ብዙ ጥያቄ ቀርቦለታል፦ ደብዳቤውን ማን ሰጠህ? ለማን? ሌላስ አለ? ከየትኛው ገዳም ነህ? የት መነኮስህ? ጠባቂዎቹ ግን የተጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ መነኩሴ እንዴት ወጣ፣ እንዴት አስወጣችሁት?

ጥያቄው በራሱ ትክክለኛ ነው። የአምባው ጥበቃ በየት በኩል እንደተሰበረ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አያገኝም። ይሁን እንጂ በቋንቋችን «እንዴት» ሁለት ፊት አለው። አንዱ «በምን መንገድ» ብሎ ይመረምራል። ሌላው «እንዴት ብትደፍር ነው» ብሎ ይወቅሳል። የመጀመሪያው መልስ ይጠብቃል። ሁለተኛው አይጠብቅም። በካስማ ታስሮ የተደፋ ሰው የሚሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በሩ በየትኛው ሰዓት ክፍት እንደነበር፣ ተረኛው ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ በየትኛው ገደል በኩል ሰው ሊወርድ እንደሚችል የሚያውቅ ጠባቂ ቢኖር እንኳ፣ ማወቁ በራሱ ላይ ማስረጃ ስለሚሆንበት ዝም ማለት ይሻለው ነበር።

የመነኩሴው መልስ ደግሞ አስደናቂ ነው። ከአምባው ከወጣሁ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ደብዳቤዎቹም ያን ጊዜ የተሰጡኝ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ለመስጠት አልደፈርኩም አለ። ይህ እውነት ከሆነ ከአምባው የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1504 እስከ 1510 ባሉት ዓመታት፣ ማለትም በዐፄ ናዖድ ዘመን ወይም ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ ነው፤ መነኩሴውም ያን ጊዜ ከዐሥራ አራት ዓመት ብዙ የማይበልጥ ልጅ ነበር። ከተገረፉት ሁለት መቶ ሰዎች ስንቱ በዚያ ዘመን በጥበቃ ላይ ነበሩ? አልቫሬዝ የመነኩሴው ቃል እውነት ሊሆን እንደሚችል ያምናል፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን በደብዳቤ ላይ ዓመቱም፣ ወሩም፣ ቀኑም አይጻፍም ነበር። አንድ ቀን የተጻፈበት መስመር ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሊያበቃ ይችል ነበር። በታካሚ ካርድ ላይ ቀንና ሰዓት ጽፎ መፈረም አሰልቺ ለሚመስለው ባልደረባ ይህ ታሪክ ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ ጽሑፉ ታካሚውን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንም ይጠብቃል።

የውጤት ክብደትና የጥፋት ክብደት

ለቤተ መንግሥቱ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጉዳዩ በንጉሡ ዓይን ትንሽ አልነበረም። ከአምባው ወጥቶ ለባዕድ መንግሥት የደረሰ ደብዳቤ የዙፋን ሽኩቻ ሊያስነሣ ይችላል። ችግሩ የውጤቱ ክብደት እንደ ጥፋቱ ክብደት መቆጠሩ ነው። አንድ መንገደኛ መነኩሴ ሳይፈተሽ ማለፉ በጠባቂ ሥራ ላይ የሚያጋጥም ጉድለት ነው። በልብሱ ሥር ደብዳቤ ባይኖር ኖሮ ማንም ባልጠየቀ ነበር።

በእኛም ሥራ ተመሳሳይ ፈተና አለ። መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት አምፑሎች፣ አንዱ የተከማቸ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሌላው ዲስትልድ ዋተር፣ በአንድ መሳቢያ ተቀምጠዋል እንበል። የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ በድካም የተሳሳተውን ታነሣለች። በአንደኛው ሌሊት ባልደረባዋ አይታ ታስጥላታለች፤ ነገሩ በሳቅ ያልፋል፤ በመዝገብም አይሰፍርም። በሌላኛው ሌሊት የሚያይ ሰው የለም፤ ታካሚው ይሞታል፤ ነርሷ ከሥራ ትባረራለች። የእጇ ስሕተት በሁለቱም ሌሊት አንድ ነው። መሳቢያው ግን ከመባረሯ በኋላም እንደነበረ ይቀጥላል፤ በእርሷ ቦታ የተቀጠረችውም ከዚያው መሳቢያ ትቀዳለች።

እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ሪፖርት በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስሕተት ምክንያት በዓመት ከ44,000 እስከ 98,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። የሪፖርቱ ዋና መልእክት አብዛኛው ስሕተት ከግዴለሽ ሰዎች ሳይሆን ከተበላሸ አሠራር የሚመነጭ መሆኑን ማሳየት ነው። የሥነ ልቡና ምሁሩ ጄምስ ሪዝንም በ2000 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባሳተመው ጽሑፍ ግለሰቡን የሚወቅሰውን አመለካከት ሥርዓቱን ከሚመረምረው ለይቶ አሳይቷል።

በአገራችንም ለዚህ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት የቆመው ስም ሳይጠራና ወቀሳ ሳይኖር መመርመር በሚል መርሕ ላይ ነው። አንዲት እናት ለምን ሞተች ብሎ የሚጠይቅ ኮሚቴ አምቡላንሱ ለምን ዘገየ፣ ደሙ ለምን ታጣ የሚለውን መስማት የሚችለው አዋላጇ ስትናገር ካልፈራች ብቻ ነው። መርሑ በወረቀት ቀርቶ ስብሰባው ወደ ወቀሳ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል፤ የእናቶች ሞት ግን አይቀንስም።

ስሕተት፣ ቸልተኝነትና ጥፋት

ከዚህ በመነሣት ዲስፕሊን አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ አይገባም። ስክሮ ተረኛ የሚገባ፣ የታካሚን መድኃኒት የሚሸጥ፣ ያልሠራውን ምርመራ ሠራሁ ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ ጥፋተኛ ነው። እያወቀ የጥንቃቄ ደንብን የሚዘልል ደግሞ ቸልተኛ ነው። ሊሠራ የፈለገው ልክ ሆኖ ሳለ እጁ ወይም ትዝታው የከዳው ግን ተሳስቷል። ቋንቋችን ሦስቱን በሦስት ስም የሚጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስቱን በአንድ ጅራፍ የሚገርፍ አስተዳደር ተሳሳቹን ከጥፋተኛው ጋር ያስተባብረዋል፤ ሁለቱም መደበቅን ይማራሉና።

ሕጉም ቢሆን ይህንን አይቃወምም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ክብርን የሚያዋርድ ቅጣትን ይከለክላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 የዲስፕሊን ቅጣት ዓላማ ሠራተኛው ከጉድለቱ ተምሮ ብቁ ሆኖ እንዲገኝ ማስቻል፣ የማይታረም ሲሆን ደግሞ ማሰናበት መሆኑን ደንግጎ ነበር። መማር መጀመሪያ፣ መሰናበት መጨረሻ ተደርጎ መቀመጡ ልብ ሊባል ይገባል።

መደምደሚያ

ከሁለት ሳምንቱ ግርፋት የአምባ ግሸን ጥበቃ ምን ተማረ? አልቫሬዝ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተገኘ ቀዳዳ፣ የተደፈነ መውጫ ወይም የተለወጠ የጥበቃ ደንብ አይጠቅስም። የጠቀሰው አንድ ሬሳና የብዙዎችን ሕመም ነው። አምባው እ.ኤ.አ. በ1540 በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር እጅ ወደቀ፤ የልዑላን መጠበቂያነቱም በዚያው አበቃ። ለመውደቁ የጦርነቱ ኃይል እንጂ የጠባቂዎቹ መገረፍ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። በፍርሃት የተያዘ ጥበቃ ስለ ራሱ ድካም ለአለቃው እንደማይነግር ግን መናገር ይቻላል።

ስለዚህ በዲስፕሊን ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጡ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አስተዳዳሪዎች ከውሳኔ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያጣሩ መልካም ነው። አንደኛ፣ የቀረበው ጉዳይ ስሕተት ነው፣ ቸልተኝነት ነው ወይስ ጥፋት? ሁለተኛ፣ ታካሚው ባይጎዳ ኖሮ ለዚሁ ድርጊት ምን እንወስን ነበር? ሦስተኛ፣ ተከሳሹ ክፍሉን ለቅቆ ሲወጣ በመሳቢያው፣ በተረኝነት ሠንጠረዡና በመዝገቡ ላይ የሚለወጥ ነገር አለ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «የለም» ከሆነ ኮሚቴው ሥራውን ገና አልጀመረም። «እንዴት?» ብለን ስንጠይቅም መልስ ለመስማት የተዘጋጀን መሆናችን ከድምፃችን ይታወቅ።