የአሮጌ ዘፈን አዲስ ትርጓሜ፤ ከአዝማሪ ቤት እስከ ኢንተርኔት ቀልድ

በአማርኛ ግጥም ሥርዓት ኅብር የሚባለው ቃል ሰሙንም ወርቁንም አንድ ላይ የሚሸከም ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ይህ ባሕርይ ከቅኔ አልፎ በአማራው ኑሮና ጠባይ እንደሚታይ አስረድቷል። ይሁን እንጂ ኅብሩ ዘወትር በቃሉ ውስጥ ይገኛል ማለት አይቻልም፤ ዘፈኑ ሳይነካ ጊዜውና ስፍራው ኅብር የሚሆኑበት አለ። በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚገኘው የብሥራተ ገብርኤል ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ የታክሲ ረዳት ይህንኑ ስም ሲጣራ ግን ተሳፋሪው የሚሰማው የመልአኩን የምሥራች ሳይሆን የሚወርድበትን ቦታ ነው።

በአዝማሪ ቤት ይህ ነገር ልማድ ሆኖ ኖሯል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪውም ማሲንቆውን እየመታ፣ ሁሉ ከሚያውቀው ከትዝታ ወይም ከአምባሰል ዜማ ጋር አስማምቶ ያንኑ ይደግማል። ስንኙ ምናልባት ማዶ የተቀመጠውን ሰው የሚወጋ ይሆናል። የተወጋው ሰው አዝማሪውን ሊቆጣ አይችልም፤ የተቀበለውን ሰጠ እንጂ ከራሱ አላመጣምና። ሰጪውም ዘፈን ነው ብሎ ያመልጣል። ለተወጋው የሚቀረው በዚያው አዝማሪ አፍ መልስ መላክ ብቻ ነው።

የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» ከዚህ የተለየ መንገድ ሄደ። ቃሉ በላዩ የፍቅር እንጉርጉሮ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ያስነሡት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ይዘፍን የነበረው ጥላሁን ተጠርጥሮ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ አድማጩ እንጉርጉሮውን የሕዝብ ስሞታ አድርጎ ሰማው። በዚህ ጊዜ ወርቁን ያገኘው ገጣሚው ሳይሆን ሰሚው ነው።

በውጭው ዓለም ደግሞ እንግሊዛዊው ሪክ አስትሊ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው «ኔቨር ጎና ጊቭ ዩ አፕ» ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ዕጣ ደረሰበት። በ2007 ፎርቻን በተባለው የኢንተርኔት መድረክ የተሰባሰቡ ቀልደኞች ሰው አጥብቆ የሚሻውን ነገር የሚያሳይ መስሎ ወደዚህ ዘፈን የሚወስድ ማስፈንጠሪያ መላክ ጀመሩ። ከዚያ በፊት በዚሁ ዘዴ የሚታየው መንኮራኩር የተገጠመለት የዳክዬ ሥዕል ነበረ። በሚያዝያ 1 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) ዩቱብ ራሱ የፊት ገጹን ተመልካቾች እንዲሁ አታለለ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በኒው ዮርክ የምስጋና ቀን ሰልፍ ላይ አስትሊ በአካል ብቅ አለ። በ2021 የዘፈኑ ተመልካች ቍጥር ከ1 ቢሊዮን አለፈ።

እዚህ ላይ የሰምና ወርቁ ሥርዓት ተገልብጧል። ቅኔ ሰሚ ሰሙን ገልጦ ወርቅ ሲያገኝ፣ የኢንተርኔቱ ተታላይ ወርቅ ተብሎ ሲከፍት ያገኘው ሰም ነው፤ ከሰሙም ሥር ምንም የለም። እንደ አዝማሪ ቤቱ ሁሉ ዘፋኙ አይወቀስም፣ ላኪውም በሣቅ ያመልጣል፤ ነገር ግን የሚወጋ ስንኝ ስለሌለ ቂም አያተርፍም። የ1953ቱን ነገር ያልሰማ ወጣት «አልቻልኩም»ን ዛሬም የፍቅር ዘፈን አድርጎ ሊሰማው ይችላል። በአስትሊ ዘፈን አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ግን የመጀመሪያውን የከበሮ ምት እንደ ሰማ ይሥቃል፤ ስለ ፍቅር የሚባለውን እስኪሰማም አይቆይም።