የ38ቱ ምስክሮች ወሬና ያስከተለው ምርምር

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1964፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ የ28 ዓመቷ ኪቲ ጄኖቬሴ ከምትሠራበት መጠጥ ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በኒውዮርክ ኩዊንስ ክፍለ ከተማ ኪው ጋርደንስ በሚባለው ሰፈር በስለት ተወግታ ሞተች። ገዳዩ ዊንስተን ሞዝሊ ሳምንት ሳይሞላ ተያዘ። በዚያ ዓመት በከተማዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋልና የእሷም ሞት መጀመሪያ ላይ በጋዜጦች ያገኘው ቦታ ከአጭር ዜና አላለፈም። ነገሩን የለወጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒውዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ያወጣው ዘገባ ነው። የጋዜጣው የከተማ ዜና አዘጋጅ ኤ. ኤም. ሮዘንታል ከፖሊስ ኮሚሽነሩ ጋር ምሳ ላይ የሰማውን ይዞ ዘጋቢ ላከ። ዘገባውም 38 ሕግ አክባሪ ነዋሪዎች ከግማሽ ሰዓት በላይ ግድያውን እየተመለከቱ፣ ጥቃቱ እስኪያበቃ አንዳቸውም ለፖሊስ አልደወሉም አለ። አሜሪካ ደነገጠች። ሰባኪው፣ ሐኪሙ፣ ፕሮፌሰሩ ሁሉ የየራሱን ምክንያት አቀረበ፦ የትልቅ ከተማ ኑሮ ሰውን አደንዝዞታል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል፣ ቴሌቪዥን ልብን አድርቋል ተባለ። በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ታሪክ ውስጥ እጅግ ከታወቁት የምርምር ዘርፎች አንዱ የተነሣው ከዚህ ዘገባ ነው፤ ዘገባው ግን በአብዛኛው ስህተት ነበር። መነሻው የተሳሳተ ምርምር እንዴት ትክክለኛ ግኝት ላይ ሊደርስ ቻለ? እኔ የምለው፣ ግኝቱን ያዳነው ዘዴው ነው፤ ምርምሩ በኋላ መስተካከል ያስፈለገውም ዘዴው በደከመበት ሳይሆን ወሬው ጥያቄውን ቀድሞ በቀረጸበት ቦታ ነው።

በመጀመሪያ ስህተቱን በዝርዝር ማየት ይገባል። የመጀመሪያው ጥቃት የተፈጸመው መንገድ ላይ ሲሆን የቆየውም ለአጭር ጊዜ ነው። አንድ ጎረቤት ከመስኮቱ ሲጮህበት ገዳዩ ሸሸ። ኪቲ ቆስላ እየተንገዳገደች ወደ ሕንጻው ጀርባ ዞረች፤ ከዚያ በኋላ ከፊት ለፊት ያሉት ነዋሪዎች ሊያዩዋት አይችሉም ነበር። ገዳዩ ተመልሶ ለሁለተኛ ጊዜ ያገኛት በአንድ ደረጃ መግቢያ ውስጥ ወድቃ ነው። እዚያ የሆነውን ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ብዙዎቹ የሰሙት ጩኸት ብቻ ነበር፤ እሱንም የሰካራሞች ወይም የባልና ሚስት ጠብ መስሏቸው ወደ እንቅልፋቸው ተመልሰዋል። ለፖሊስ ደውለናል ያሉ ነበሩ። መላው አገር የሚደውልበት አንድ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደግሞ ገና አልነበረም፤ 911 ሥራ የጀመረው በ1968 ነው። ሶፊያ ፋራር የተባለች ጎረቤት ነገሩን እንደሰማች ገዳዩ ይኑር አይኑር ሳታውቅ ሮጣ ወርዳ፣ እርዳታ እስኪመጣ ኪቲን ታቅፋ ቆይታለች። ይህች ሴት በዘገባው ውስጥ አለመኖሯ በግሌ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ነው። በ2007 ሬቸል ማኒንግና ሁለት ባልደረቦቿ የፍርድ ቤቱን መዝገብና ሌሎች ሰነዶችን መርምረው፣ 38 ሰዎች ቆመው ተመለከቱ የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ እንደሌለ አሳዩ። ሞዝሊ በ2016 እስር ቤት ውስጥ ሲሞት ጋዜጣው ራሱ የቀድሞ ዘገባው ጉድለት እንደነበረበት ጻፈ። ይህ ማለት ግን ሁሉም ሰው ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። በሁለተኛው ጥቃት ጊዜ በሩን ከፍቶ ያየና ወዲያው ፖሊስ ከመጥራት ይልቅ ወዳጁን ያማከረ ጎረቤት ነበር። ዘገባው ውስጥ የእውነት ፍሬ አለ፤ ቁጥሩና ሥዕሉ ግን ተጋነዋል።

በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ዳርሊና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቢብ ላታኔ ዘገባውን እንደ ሌላው ሁሉ አመኑት። ከሌሎቹ የተለዩት በጠየቁት ጥያቄ ነው። ሌላው ሰው «እነዚህ 38 ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ሲል፣ እነሱ «38 መሆናቸው ራሱ ምን አደረገ?» አሉ። ይህ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና የቆየ መንገድ ነው። ኖርማን ትሪፕሌት በ1898 የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ለብቻቸው ከሚጋልቡ ይልቅ ከሌላ ጋር ሲሆኑ ለምን እንደሚፈጥኑ ለማወቅ ልጆችን ብቻቸውንና ጥንድ ጥንድ አድርጎ ክር ሲያስጠቀልል፣ ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመሳጥረው የተሳሳተ መልስ የሚሰጡ ሰዎችን በአንድ ተማሪ ዙሪያ ሲያስቀምጥ፣ ሁለቱም የፈለጉት የሰውየውን ጠባይ ሳይሆን የሌሎች መኖር የሚያመጣውን ለውጥ ነው። ሰውን ከጠባዩ ብቻ ሳይሆን ካለበት ሁኔታ ተነሥቶ መረዳት የዚህ የሙያ ዘርፍ መሠረታዊ ሐሳብ ነው። ጋዜጣ ይህን ሊመረምር አይችልም፤ ምክንያቱም ያ ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ፣ በዚያው ሰፈር አንድ ጎረቤት ብቻውን ነቅቶ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ማንም አላየም። ማነጻጸሪያ የለም።

ማነጻጸሪያውን ለመፍጠር ዳርሊና ላታኔ በ1968 ያሳተሙትን ሙከራ ሠሩ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ኮሌጅ ኑሮ ችግሮች እንዲወያይ ይጋበዛል። ሰው እንዳይሸማቀቅ ሲባል ውይይቱ ፊት ለፊት አይደረግም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ጠባብ ክፍል ይቀመጥና በድምፅ ማስተላለፊያ ይነጋገራል፣ ተራው የደረሰው ብቻ ይሰማል፣ ተመራማሪውም አያዳምጥም ይባላል። መጀመሪያ የሚናገረው ወጣት ኒውዮርክን መልመድ እንደከበደው ይናገርና፣ እያፈረ፣ በተለይ ፈተና ሲቃረብ የሚጥል በሽታ እንደሚነሣበት ይጨምራል። ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ይኸው ድምፅ መንተባተብ ይጀምራል፤ ይጮኻል፣ ይታነቃል፣ እርዱኝ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ይህ ሁሉ በቴፕ የተቀዳ ነው፤ በእውነት ያለው ተሳታፊ አንድ ብቻ ነው። የሚለያየው ነገር ተሳታፊው ስንት ሰው አብሮት ይሰማል ብሎ ማመኑ ነው፦ አንዱ ከታማሚው ጋር ብቻውን እንደሆነ፣ ሌላው አንድ ተጨማሪ ሰው እንዳለ፣ ሦስተኛው አራት ተጨማሪ ሰዎች እንዳሉ ያምናል። ተመራማሪው የሚለካው ተሳታፊው ከክፍሉ ወጥቶ እስኪናገር የሚወስደውን ጊዜ ነው። ብቻዬን ነኝ ካሉት ውስጥ ድምፁ ጸጥ ከማለቱ በፊት የወጡት 85 በመቶ ነበሩ፤ አንድ ሌላ ሰው አለ ብለው ካመኑት 62 በመቶ፤ አራት አሉ ብለው ካመኑት 31 በመቶ። አማካይ ጊዜውም ከ52 ሰከንድ ወደ 93፣ ከዚያም ወደ 166 ሰከንድ ረዘመ።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያስደንቁኝ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሳይወጡ የቀሩት ደንታ ቢሶች አልነበሩም። ተመራማሪው ሲገባ ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ መዳፋቸው ያልበው ነበር፤ ልጁ ደኅና ነው ወይ ብለውም ጠይቀዋል። አንረዳም ብለው የወሰኑ ሳይሆኑ ገና መወሰን ያቃታቸው ነበሩ። ከመደንዘዝ ጋር ይያያዛሉ የተባሉ የጠባይ መለኪያዎችም ማን እንደሚረዳ ሊተነብዩ አልቻሉም። ሁለተኛ፣ ተሳታፊዎቹ ሲጠየቁ ሌሎቹ እንዳሉ ማወቃቸው በእነሱ ላይ ምንም ለውጥ እንዳላመጣ ተናገሩ። በመጠይቅ ብቻ ቢጠና ኖሮ መልሱ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር ማለት ነው። ሙከራ በዚህ ሙያ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያገኘበት ምክንያት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ሰው ስለ ራሱ ድርጊት ምክንያት የሚሰጠው ምስክርነት በቅን ልቦና እየተሰጠም ሊስት ይችላል።

ዳርሊና ላታኔ ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ የኃላፊነት መበታተን ይባላል፤ ማድረግ ያለበት ሰው ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። በዚያው ዓመት ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ የተለየ ምክንያት ጨመረ። መጠይቅ እየሞላ ባለ ተማሪ ክፍል ውስጥ በግድግዳ ቀዳዳ ጭስ ይለቀቃል። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ፤ ምንም እንዳልሆነ ዝም ከሚሉ ሁለት የተመራማሪዎቹ ተባባሪዎች ጋር የተቀመጡት ግን 10 በመቶ ብቻ። እዚህ ጭሱ ለራሱ ለተማሪውም አደጋ ስለሆነ ኃላፊነት ለሌላ ተወ ማለት አይበቃም። ነገሩ አደጋ መሆኑን ራሱ ከሌሎች ፊት እያነበበ ነበር፤ እነሱ ሲረጋጉ እሱም አደጋ አይደለም አለ።

መሠረቱ ሐሰት ከሆነ ግንቡ እንዴት ይቆማል የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ቀላል አይደለም፤ የመማሪያ መጻሕፍት የ38ቱን ወሬ ለአሥርት ዓመታት ሳይመረምሩ ሲያስተጋቡ ኖረዋልና ሙያው ሊወቀስ ይገባል። ሆኖም ከሙከራው ውጤት ውስጥ በኪው ጋርደንስ ወሬ ላይ የቆመ አንድም ቁጥር የለም። 85ና 31 የሚነጻጸሩት እርስ በርስ ነው። ጋዜጣው ያን ዘገባ ጨርሶ ባያወጣ ኖሮ የሁለቱ ልዩነት ያው ይሆን ነበር። ወሬው መላምት እንዲታሰብ ምክንያት ሆነ እንጂ የመላምቱ ማስረጃ አልሆነም፤ የሙከራ ዘዴ የሚጠቅመውም መላምት ከየትም ቢመጣ ሊፈተን ስለሚችል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ጠባብ ክፍልና የተቀዳ ድምፅ ኑሮ አይደለም፤ የኮሌጅ ተማሪም የሰው ልጅ ሁሉ ወኪል አይደለም። ይህን ለመፈተን አርቪንግ ፒልያቪን፣ ጁዲት ሮዲንና ጄን ፒልያቪን በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሠርተው በ1969 አሳተሙ። በ59ኛውና በ125ኛው መንገድ ጣቢያዎች መካከል ባቡሩ ሳይቆም ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጓዛል፤ አንድ ሰው በዚያ መሀል ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ከዘራ ይዞ ሲወድቅ ከ65ቱ ሙከራዎች በ62ቱ ሰው ራሱ ተነሥቶ ረዳው፤ መጠጥ መጠጥ እየሸተተና ጠርሙስ ይዞ ሲወድቅ ከ38ቱ በ19ኙ። የተሳፋሪው መብዛትም እንደ ቤተ ሙከራው እርዳታን አላዘገየም። ይህ የመጀመሪያውን ግኝት ያፈርሰዋል? አይመስለኝም። በባቡሩ ውስጥ የወደቀው ሰው በሁሉም ፊት ነው፤ አደጋ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሌሎቹ ምን እያደረጉ እንደሆነም ይታያል። በዳርሊና ላታኔ ክፍል ውስጥ ሌሎቹ አይታዩም፤ በጭሱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ነገሩ ግልጽ አይደለም። ባቡሩ ውስጥ ሁለቱም ጉድለቶች የሉም። የመስኩ ጥናት የቤተ ሙከራውን ድንበር አሳየ፤ ብዛት የሚያዘገየው መቼ እንደሆነ ነገረን።

ወሬው በእርግጥ ያሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ዘገባው ሕዝብን የሣለው እንደ ስጋት ነው፤ ስለዚህ ምርምሩ ለረጅም ጊዜ «ተመልካች ሲበዛ አንድ ሰው የመርዳት ዕድሉ ይቀንሳል ወይ?» የሚለውን ይዞ ቆየ። የወደቀው ሰው ጥያቄ ግን ይህ አይደለም። ማንኛቸውም ይሁኑ፣ ከእነሱ አንድ ሰው ይደርስልኛል ወይ የሚል ነው። የ1968ቱን ቁጥሮች በቀላል የዕድል ስሌት እንያቸው። አንድ ተመልካች ብቻ ሲኖር እርዳታ የመገኘቱ ዕድል 85 በመቶ ነው። አምስት ተመልካቾች ኖረው የእያንዳንዱ ዕድል 31 በመቶ ከሆነና እያንዳንዱ ለብቻው ከወሰነ፣ ቢያንስ አንዱ የመነሣቱ ዕድል 84 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሁለት ሆነው 62 በመቶ ሲሆን ደግሞ 86 በመቶ ገደማ ነው። ለታማሚው ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ብዙዎች የሰነፉበት ሲመስል፣ ብዛቱ ራሱ ስንፍናውን እያካካሰ ነበር። ይህ ከመጀመሪያው በውጤቱ ውስጥ ነበረ፤ የ38ቱ ሥዕል ግን ዓይንን ወደ ሌላ ወሰደ። በ2019 የወጣ የሪቻርድ ፊልፖትና የባልደረቦቹ ጥናት ከአምስተርዳም፣ ከእንግሊዝ ላንካስተርና ከደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የመንገድ ካሜራዎች 219 የአደባባይ ጠቦችን መረመረ። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ተመልካች ጣልቃ ገብቷል፤ ተመልካች ሲበዛም አንድ ሰው የመግባቱ ዕድል ጨምሯል። ካሜራውና ቤተ ሙከራው አይጣሉም። አንዱ የአንድን ሰው፣ ሌላው የተጠቂውን ዕድል ይለካል።

ሕግም በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ አቋም አለው። በኒውዮርክ ሕግ ተራ ሰው የማያውቀውን ሰው የመርዳት አጠቃላይ ግዴታ አልነበረበትም፤ በእኛ በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ ግን በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት እየቻለ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ትቶ የሚሄድ ይቀጣል። ሕጉ ኃላፊነትን በአንድ ሰው ላይ ያሳርፋል። የ1968ቱ ተሳታፊዎች የሚያሳዩት ደግሞ ይኸው ኃላፊነት ሰው በበዛበት ቦታ በአእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈል ነው።

ስለ ማታለሉ የሚነሣው ወቀሳ ይገባኛል። ሰውን ሌላው በአጠገቡ እየሞተ እንደሆነ አሳምኖ ላብ በላብ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዳርሊና ላታኔ ሲያበቃ ሁሉን ገልጸውላቸዋል፣ ያም ቢሆን የዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች እንዲህ ያለውን ጥናት በቀላሉ አያሳልፉም። ይህ ጥብቅነት ትክክል ነው እላለሁ። ዋጋ እንዳለውም መካድ የለበትም፤ ተሳታፊው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ከሙከራው በኋላ ሲጠየቅ እንዳደረገው ሁሉ የሚያምርበትን መልስ ይሰጥ ነበር።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ኬኔት ገርገን በ1973 ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ከተፈጥሮ ሳይንስ ይልቅ ለታሪክ ይቀርባል ብሎ የተከራከረው እንዲህ ያለ ችግር አይቶ ነው። የሥነ ልቦና ግኝት ወደ ሕዝብ ሲደርስ ሰዎች ያውቁትና ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ ድንጋይ ግን ስለ ስበት ተነግሮት አወዳደቁን አይለውጥም። በ1978 አርተር ቢማንና ባልደረቦቹ ይህን በተመልካች ጥናት ላይ ፈተኑት። የዳርሊንና የላታኔን ግኝት በትምህርት የሰሙ ተማሪዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ነገሩ ከትምህርቱ ጋር መያያዙን ሳያውቁ፣ ወድቆ የሚታይ ሰው ሲያጋጥማቸው 43 በመቶው ረዱት፤ ትምህርቱን ካልሰሙት የረዱት 25 በመቶ ነበሩ። የመጀመሪያ እርዳታ አስተማሪዎችም ዛሬ በሰው መሀል ለወደቀ ሰው አምቡላንስ ሲያስጠሩ ለተሰበሰበው ሁሉ አትጩኹ፣ አንዱን ነጥላችሁ በጣታችሁ እያሳያችሁ «አንተ ደውል» በሉ ይላሉ። ስለዚህ 31 በመቶ የሚለው ቁጥር የሰው ልጅ ቋሚ መጠን ተደርጎ መነበብ የለበትም፤ ይህ ግኝት ገና ያልደረሳቸው የ1960ዎቹ የኒውዮርክ ተማሪዎች መዝገብ ነው።