ከቅኔ ቆጠራ እስከ እንግሊዝኛ ድርሰት፦ የሰሜን ወሎ ተማሪና የጽሕፈት ትምህርቱ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠሮች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በእንግሊዝኛ ትምህርታዊ ጽሑፍ መጻፍን ሲማር የሚገጥመውን ችግር ከታሪክ አንጻር መመርመር ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ‹‹የሰዋስው ድክመት›› ተብሎ ይታለፋል። በእኔ እምነት ግን ዋናው ጉድለት ያለው ተማሪው ይዞት በመጣው ቋንቋ ላይ ሳይሆን መጻፍን በምናስተምርበት ሥርዐት ላይ ነው።

በቤት በማይነገር ቋንቋ መማር ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክህነቱ ተማሪ በግዕዝ፣ ደረሳው ደግሞ በዐረብኛ ሲማር ኖሯል። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሳሰሉ የወሎ ሊቃውንት በዐረብኛ ከተማሩ በኋላ በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ መንዙማ ደርሰዋል። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሣው የዋድላ ቅኔ ቤትም የሚገኘው በዚሁ በሰሜን ወሎ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። ቀን ሲቆጥር የዋለውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የሰዋስውን፣ የዜማ ልኩንና የምሥጢሩን ስሕተት እዚያው ያርምለታል። እንግዲህ ግዕዝ የማንም ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ባይሆንም በግዕዝ መድረስ የሚለመደው በየዕለቱ በመድረስና በየዕለቱ በመታረም ነው ማለት ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በሌላ መንገድ ነው። በ1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ሆነ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያቸው እንግሊዝኛ ነበር። በ1950ዎቹ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ያለውን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ሲደነግግ፣ የከፍተኛ ትምህርቱ ቋንቋ አልተለወጠም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሲመሠረትና የግብርና ትምህርቱ በመርሳ ግቢ ሲሰጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ለሀብሩ ልጅ በአካል ቀረበው፤ የሚጻፍበት ቋንቋ ግን በነበረበት ርቀት ቆየ። ለዓመታት ቀርቶ የነበረው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስም የእንግሊዝኛ መግባቢያ ክሂሎች ኮርስ ተካቶበታል።

በአንድ ወቅት ከመርሳ አካባቢ የመጣች ተማሪ ስለ አቀንጭራ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ድርሰት አሳይታኝ ነበር። ጽሑፏ ከእርሻው ስፋት ተነሥቶ፣ በማሽላው ሥር ስለሚበቅለው አረም ዘርዝሮ፣ አረሙ ይበልጥ የሚጎዳው ለምነቱን ያጣውን መሬት መሆኑን በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ይገልጻል። ኮርሱን ያስተማራት መምህር በኅዳጉ ላይ ‹‹ሐሳቡ አይታወቅም›› ብሎ ጽፎበታል። ሐሳቡ ግን ነበረ፤ የተቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት የአንቀጽ ኃይለ ቃል በመጀመሪያ፣ በመካከል ወይም በመጨረሻ ሊገኝ እንደሚችል ያስተምራሉ፤ እንግሊዝኛው ኮርስ ግን ኃይለ ቃሉን በግንባር ይፈልገዋል። የቅኔ ልማድም ቢሆን ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን መፈለግን ለሰሚው ይተዋል። ተማሪዋ የተላለፈችው ሌላ የአጻጻፍ ሥርዐትን እንጂ የማሰብን ሕግ አልነበረም። ይህን የነገራት ስላልነበረ ግን ‹‹እኔ መጻፍ አልችልም›› ወደሚል ድምዳሜ ደርሳ ነበር።

ይህን ስል የእንግሊዝኛው ሥርዐት ይቅር ማለቴ አይደለም። የጥናት ጽሑፍ ወርቁን ሊደብቅ አይገባም፤ አንባቢው አቋሙን፣ ማስረጃውንና የማስረጃውን ምንጭ በግልጽ ማግኘት አለበት። ቅኔ ቤቱም ቢሆን ምንጭ ጠቅሶ መከራከርን ሊያስተምርልን አይችልም። ልንወርሰው የሚገባን ሥርዐቱን ነው፤ ከትንሽ ጀምሮ ማሳደጉን፣ ከመምህር ፊት ማቅረቡንና ሳይውል ሳያድር ማረሙን። በብዙዎቹ ክፍሎቻችን ተማሪው በሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ድርሰት ይጽፋል፤ የሚመለስለትም ኮርሱ ካለቀ በኋላ በውጤት መልክ ነው። በዚህ ዐይነት መወድስ ቀርቶ ጉባኤ ቃና የሚደርስ ተማሪ አይገኝም ነበር።

ስለዚህ ተማሪው በየሳምንቱ መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት፣ እያለም ስምንት ዐረፍተ ነገር ጽፎ ለመምህሩ ቢያነብና ቢታረም፣ ሐሳቡንም አስቀድሞ በአማርኛ ቢያሰፍር፣ የሁለቱን ሥርዐቶች ልዩነት በገዛ እጁ ያገኘዋል። ይህ ካልሆነ በመርሳ ግቢ ስለ አቀንጭራ የሚጻፈው ጥናት ከሀብሩ ገበሬ ቋንቋ እንደራቀ፣ በእንግሊዝኛውም በቅጡ ሳይነገር መቅረቱ ነው።