ላጲሱ ሲፈነዳ

በኮምፒውተር ሥዕል መሣል እንዴት እንደተጀመረ የሚተርኩ ጽሑፎችን ካነበባችሁ፣ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የጉልበት ታሪክ ነው። ማሽኑ ፈጠነ፣ ሜሞሪው ሰፋ፣ ቀለሙ ከጥቁርና ነጭ ተነስቶ ሚሊዮን ገባ... እያለ ይቀጥላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ደረቅ ነው። አንድ ጥያቄም ዘሎ ያልፋል፦ ያን ሁሉ ጉልበት ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ ባዶ ገጽ ሲከፈትለት ለምን ይፈራል? እኔ ማውራት የፈለግሁት ስለዚህ ፍርሃትና ፍርሃቱን በጨዋታ ለማባረር ስለሞከሩ ሁለት ሦስት ሶፍትዌሮች ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጃንዋሪ 1984 አፕል ማኪንቶሽን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ማክፔይንት የሚባል የሥዕል ፕሮግራም አብሮት ወጣ። የጻፈው በ2025 ያረፈው ቢል አትኪንሰን ነበር። የማኪንቶሽን ትንንሽ ምልክቶች የሣለችው ደግሞ ሱዛን ኬር ናት። ስክሪኑ 512 በ342 ነጥብ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብም ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ። በዚያች ጠባብ መስኮት ላይ ግን እርሳስ፣ ብሩሽ፣ ላጲስ፣ ቀለም የሚደፋ ባልዲ ተደርድረው ነበር። ዛሬም ማንኛውንም የሥዕል ፕሮግራም ብትከፍቱ እነዚያኑ ዕቃዎች ታገኟቸዋላችሁ። እዚህ አገር ስንቱ ሰው ነው ማውዝ መያዝን የለመደው በፔይንት ክብና ሳጥን እየሣለ? የዚያ ሁሉ ክብና ሳጥን ዘር ማንዘር ሲቆጠር ማክፔይንት ጋ ይደርሳል።

አዋቂዎቹ ወዲያው ለቁም ነገር አዋሉት። በ1985 ፈርስት ኮሚክስ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ «ሻተር» የሚል ኮሚክ አወጣ። ጽሑፉ የፒተር ጊሊስ፣ ሥዕሉ የማይክ ሳየንዝ ነው፤ ሥዕሉም የተሣለው በማኪንቶሽ ላይ ነው። ሳየንዝ ገጹን በማውዝ ሥሎ በነጥብ ፕሪንተር ያትመዋል፤ የታተመው ወረቀት እንደማንኛውም የእጅ ሥዕል ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ቀለሙ ግን በተለመደው መንገድ፣ በሰው እጅ ነው የገባው። ሻተር በኮምፒውተር የተሣለ የመጀመሪያው የንግድ ኮሚክ እየተባለ ይጠቀሳል፤ ክብሩም ይገባዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የሚያዝናና አሠራር አልነበረም። መስመሮቹ ደረጃ ደረጃ ሠርተዋል፤ ማውዝ ይዞ የሰው ፊት መሣል ምን እንደሚመስል ደግሞ የሞከረው ያውቀዋል። ኋላ ከተተኩት ሠዓሊዎች አንዳንዶቹ መጀመሪያ በወረቀት ሥለው ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ወደማስገባት ተመለሱ። አዲሱ ዕቃ የድሮውን ሥራ እንዲሠራ ተጠየቀ፤ በላብ ሠራው፤ አበቃ።

ጨዋታውን ያመጣው የሦስት ዓመት ልጅ ነው።

ክሬግ ሂክማን ፎቶግራፈር ነው፤ በ1975 በፖርትላንድ ብሉ ስካይ የተባለውን የፎቶግራፍ ጋለሪ ከመሠረቱት አንዱ፣ በኋላም በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የጥበብ መምህር የነበረ። ፕሮግራም መጻፍም ያውቅበታል። በ1988 ልጁ ቤን በማክፔይንት ሲጫወት ቁጭ ብሎ ይመለከተዋል። ልጁ ማውዙንም መሣሉንም ቶሎ ለመደው። የቸገረው ሌላ ነገር ነው። ሳያስበው ሜኑ ይከፍታል፤ ከሜኑው አንድ የጥያቄ ሳጥን ዱብ ይላል፤ ልጁ ማንበብ አይችልም፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ይቆማል፤ አባት ይጠራል።

አብዛኞቻችን ይህን ብናይ «ገና ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይለምደዋል» ብለን እናልፍ ነበር። ሂክማን ግን ጥፋቱን ከልጁ ላይ አንስቶ ፕሮግራሙ ላይ ጣለው። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከየትኛውም ቴክኖሎጂ የሚበልጠው ያቺ ውሳኔ ናት።

ኪድ ፒክስ የተወለደው ከዚህ ነው። ዕቃው ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል፤ ለማግኘት ማንበብ አያስፈልግም። እርሳሱም ብሩሹም ድምፅ አለው። ብሩሾቹ ደግሞ አንዳንዴ ያልታሰበ ነገር ይሠራሉ፦ አንዱ ቀለም ያንጠባጥባል፣ ሌላው ዛፍ ያበቅላል። የተሳሳተ ልጅ መመለሻውን ሲጫን «ኦ ኖ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እስኪ ይህን ከእኛ ደብተር ጋር አስተያዩት። ስርዝ ድልዝ የሌለበት ደብተር የጨዋ ተማሪ ምልክት ነው ተብለን ያደግን ሰዎች፣ ስህተት የሚያስቅ ድምፅ ሊኖረው እንደሚችል ማን ነገረን? ላጲሱማ ጭራሽ ሌላ ነው። ብትፈልጉ ቀስ እያላችሁ ታጠፋላችሁ፤ ካሰኛችሁ ደግሞ ርችቱን ትመርጡና ሥዕሉን እንዳለ ታፈነዱታላችሁ። ሥዕሉን ማፍረስ ራሱ የሥዕሉ ጨዋታ አካል ሆነ ማለት ነው። ማክፔይንት «ምን ሠራህ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም ቢሆን፣ ኪድ ፒክስ «ምን እየሠራህ ነው?» የሚል ነበር።

ሂክማን በ1989 ጥቁርና ነጩን ኪድ ፒክስ ለሕዝብ በነጻ ለቀቀው። በ1991 ደግሞ ብሮደርበንድ የተባለው ኩባንያ ባለቀለሙን ለገበያ አወጣውና በየትምህርት ቤቱ ገባ። ዝግጁ ማህተም እየመቱ ሥዕል መሥራት ልጅን ያሰንፋል፣ እጁን አያፍታታም የሚል ክርክር ማንሳት ይቻላል። ጥቂት እውነት ይኖረዋል። ግን እጅን የሚያፍታታ ነገር ሞልቷል፤ እርሳስና ወረቀት የትም አልሄዱም። የጠፋው ድፍረቱ ነበር።

ታዲያ «እኔ መሣል አልችልም» ብሎ የወሰነው አዋቂስ? ለእሱ ያሰበው ማይክሮሶፍት ነው። በ1996 የወጣው ኮሚክ ቻት ጨርሶ መሣል የማይጠይቅ የኮሚክ መሥሪያ ነበር። ገጸ ባሕርያቱን ሠዓሊው ጂም ዉድሪንግ አስቀድሞ ሥሏቸዋል፤ እናንተ ከጓደኛችሁ ጋር በጽሑፍ ታወራላችሁ፣ ፕሮግራሙ ወሬውን እየተከተለ ኮሚክ ያደርገዋል። ማን ከማን አጠገብ ይቁም፣ አረፋው የት ይሁን፣ መቼ አዲስ ሳጥን ይከፈት የሚለውን የሚወስነው ራሱ ነው። በእንግሊዝኛ ሰላምታ ከሰጣችሁ ሰውዬው እጁን ያወዛውዛል፤ «እኔ» ካላችሁ ወደ ራሱ ይጠቁማል፤ በትልልቅ ፊደል ከጻፋችሁ ይጮኻል። ከማይክሮሶፍት ሰዎች አንዱ፣ ዴቪድ ከርላንደር፣ ከባልደረቦቹ ጋር አሠራሩን በጥናት ጽሑፍ አቅርቦታል። ነገሩ ብዙ አልቆየም፤ ከዊንዶውስ ጋር መምጣቱም ቀረ።

እኛ ግን ቀድሞውንም ከጨዋታው ውጭ ነበርን። «ሰላም» ብትሉት እጁን አያወዛውዝም፤ ሕጎቹ የተጻፉት ለእንግሊዝኛ ቃላት ነውና። የግዕዝ ፊደልም ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1999 ነው። እስከዚያና ከዚያም በኋላ ለዓመታት አማርኛ የሚጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ሲሆን፣ የአንዱ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣ ነበር። የኮሚክ ቻት አረፋዎች የተጻፉበት ኮሚክ ሳንስም ቢሆን የግዕዝ ፊደል የለውም። ቪንሰንት ኮናሬ በ1994 ፎንቱን መሥራት የጀመረው የካርቱን ውሻ በጋዜጣ ፊደል ሲናገር አይቶ አላምር ስላለው ነው። የአማርኛ ኮሚኮቻችንን ስትገልጡ አረፋው ውስጥ ያለውን ፊደል እስኪ ልብ ብላችሁ እዩት። ገጸ ባሕርዩ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፤ ፊደሉ ግን የመንግሥት ደብዳቤ ይመስላል። ይህንን አላምር ያለው አንድ ሰው ያስፈልገናል።

ኪድ ፒክስን መሞከር ለምትፈልጉ፣ በ2021 አንድ ፕሮግራመር የ1989ኙን ለብሮውዘር እንደገና ጽፎ በነጻ ለቆታል። ድምፁን ከፍ አድርጉት። ቢሮ ከሆናችሁ ግን ርችቱ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት አለቃችሁ የት እንዳለ አረጋግጡ።