ከቤት ቁጥር ወደ ሰው ቁጥር፦ የቻታልሁዩክ የሕዝብ ብዛት ግምት እንደገና ሲታይ

በቱርክ የኮንያ ሜዳ ላይ የሚገኘው የቻታልሁዩክ ምሥራቃዊ ጉብታ 13 ሄክታር ያህል ስፋት አለው፤ ከፍታውም 21 ሜትር ገደማ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ7100 ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ፣ በአሮጌ የጭቃ ጡብ ቤት ላይ አዲስ እየተሠራበት የተቆለለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1965 የቆፈረው ጀምስ ሜላርት የነዋሪዎቹን ቁጥር እስከ 10,000 አድርሶት ነበር። ክሬግ ሴስፎርድ በ2005 ከ3,500 እስከ 8,000 ነው አለ። ኢያን ኩይትና አርካዲዩሽ ማርቺኒያክ ደግሞ በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ መንደሩ በደራበት ዘመን እንኳ በአንድ አማካይ ዓመት የኖሩበት ከ600 እስከ 800 ሰዎች ናቸው ሲሉ ተከራከሩ። ጉብታው ያው ነው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ግምት መካከል ያለው ልዩነት ግን ከአሥር እጥፍ ይበልጣል።

ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት ስፋት ሳይሆን ጊዜ ነው ባይ ነኝ። ክርክሩ ለረጅም ጊዜ ያተኮረው አንድ ሰው ስንት ሜትር ካሬ ይይዛል በሚለው ላይ ነበር። ራውል ናሮል በ1962 የ18 ማኅበረሰቦችን መረጃ አሰባስቦ፣ በጣሪያ ሥር ያለ 10 ሜትር ካሬ ወለል ለአንድ ሰው ይታሰብ የሚል ቀመር አቀረበ። ቀመሩ ቀላል ስለሆነ በሰፊው ተሠራበት፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖርባቸው ማኅበረሰቦች ግን ወደ 6 ሜትር ካሬ እንደሚወርድ በኋላ ታይቷል። ይህ ከእጥፍ ያነሰ ስሕተት ነው። አሥር እጥፉን የሚያመጣው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከተቆፈሩት ቤቶች ስንቶቹ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ላይ ሰው ይኖርባቸው ነበር?

ስሌቱን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ የራሴ መነሻ እንጂ ልኬት አይደሉም። ከ130,000 ሜትር ካሬው ግማሹ በቤት ተይዞ ነበር እንበል፤ አንድ ቤት ከነግድግዳው 50 ሜትር ካሬ ቢወስድ 1,300 ቤት ይሆናል። በየቤቱ አምስት ሰው ሲታሰብ 6,500 ይመጣል። አሁን ከአራት ቤት ሦስቱ ባዶ ወይም ፍርስራሽ ነበሩ ብንል ቁጥሩ ወደ 1,625 ይወርዳል። የቤተሰቡን አባላት አራት ብናደርግ 1,300፣ በዚያው ዘመን የተሰፈረበት የጉብታው ግማሽ ብቻ ነው ብንል ደግሞ 650 ሰው ይቀራል። እነዚህ ግምቶች አንዳቸውም ለየብቻ እንግዳ አይደሉም። በሰባትና በስምንት ሺህ ላይ የተገነባው «የመጀመሪያዋ ከተማ» የሚል ስም ግን በሦስት እርምጃ ይፈርሳል።

የአንድ ቤት ዕድሜ የሚነበበው ከግድግዳው ነው። የቻታልሁዩክ ሰዎች ግድግዳቸውን በነጭ አፈር ደጋግመው ይለስኑ ነበር። መስኮት በሌለበት፣ መውጫና መግቢያው በጣሪያ ቀዳዳ፣ በመሰላል በሆነበት ቤት የምድጃው ጭስ ልስኑን ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጭና ጥቁር ስስ መስመሮች ይፈራረቃሉ። ወፍራሞቹ የልስን ንብርብሮች ዓመታዊ ናቸው ተብሎ ስለሚታሰብ ቆጠራቸው የቤቱን ዕድሜ ይጠቁማል። የተለመደው ግምት ከ50 እስከ 100 ዓመት ነው። ዕድሜው ባጠረ ቁጥር፣ በአንድ የአፈር ንብርብር ላይ ጎን ለጎን የሚታዩት ቤቶች በአንድ ጊዜ የቆሙ የመሆናቸው ዕድል ያንሳል። ደግሞም ቤቱ ሲለቀቅ ይጸዳል፣ የግድግዳው የላይኛው ክፍል ይፈርሳል፣ ውስጡ በአፈር ይሞላል፤ ወዲያው አዲስ ካልተሠራበት የጎረቤት ቆሻሻ መጣያ ይሆናል። በካርታ ላይ ግን ሁሉም ቤት ነው።

መቃብሩም ቢሆን ቀጥተኛ መልስ አይሰጥም። ሙታን የሚቀበሩት በቤቱ መደብ ሥር ነበር። «ሕንፃ 1» ተብሎ በተሰየመው ቤት ከ60 በላይ ሰዎች ተገኝተዋል፤ በሌሎች ቤቶች የተገኙት ጥቂት ናቸው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ቤት ዕድሜ ይህን ያህል ሙታን አይኖሩትም። በ2011 የታተመ የጥርስ ቅርጽ ጥናትም በአንድ ቤት የተቀበሩት የግድ የቅርብ የሥጋ ዘመዶች እንዳልነበሩ አመልክቷል። አፅም ቆጥሮ የቤተሰብን መጠን ማስላት እዚህ አያስኬድም።

የሰው ቁጥር ቢቀንስ መጨናነቁ የግድ አብሮ እንደማይቀንስ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሰባት መቶ ሰው ተጠጋግቶ በተሠራ ሰፈር፣ በጭስ በታጠነ ክፍል፣ ከቆሻሻ ክምር አጠገብ ሲኖር ለተላላፊ በሽታ እንደተጋለጠ ነው። ክላርክ ስፔንሰር ላርሰንና ባልደረቦቹ በ2019 በአፅሞቹ ላይ የገለጹት የኢንፌክሽን፣ የጥርስ መበስበስና የራስ ቅል ጉዳት ምልክት ከአሥር ሺህ ነዋሪ ጋር የተቆራኘ አይደለም። የሚለወጠው ስለ አስተዳደር የምንለው ነው። ግልጽ የቤተ መንግሥት ወይም የአለቃ መኖሪያ ምልክት ያልተገኘበት ስፍራ ስምንት ሺህ ሰው እንዴት አስተናገደ የሚለው እንቆቅልሽ፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት መንደር እንቆቅልሽነቱ ይቀራል።

የእርሻው ነገርም እንዲሁ ነው። ለሰው በዓመት 250 ኪሎ እህል፣ ለሄክታር አምስት ኩንታል ምርት ብናስብ 6,500 ሰው 3,250 ሄክታር የታረሰ መሬት ይሻል፤ ይህም መሬት እንዲያርፍ የሚተወውን ሳይጨምር፣ ከጉብታው ዙሪያ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ ክብ ነው። ለ650 ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። አካባቢው ጎርፍ የሚተኛበት ስለነበር፣ እርሻው ርቆ በደረቁ መሬት ላይ ነበር የሚሉና ከመንደሩ አጠገብ ደረቅ ቁራጮች ነበሩ የሚሉ ተመራማሪዎች ሲከራከሩ ቆይተዋል። ከእህሉ ጋር የከሰለ የአረም ዘርና የበጎቹ ጥርስ ኬሚካዊ ይዘት የትኛው መሬት እንደታረሰ፣ መንጋው የት እንደተሰማራ ይጠቁማሉ፤ ስለ ሕዝቡ ብዛት የሚቀርብ ማንኛውም አዲስ ግምትም በቤት ቆጠራው ብቻ ሳይሆን በእነዚህም መመዘን አለበት።