ድሪቶና እራፊው

በጎጃም፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩበት በደብረ ኤልያስና እርሱን በመሰሉ የቅኔ አድባራት፣ የፋብሪካ ብርድ ልብስ በየገበያው ከመዘርጋቱ አስቀድሞ፣ የሌሊቱን ቍር ለመከላከል ባለጸጋው ጋቢውንና ቡሉኮውን ሲደርብ፣ የቅኔው ደቀ መዝሙር የበግ ደበሎውን ሲከናነብ፣ ነዳዩና መናኙ በእራፊ ላይ እራፊ የተደረተ ድሪቶ ይለብሱ ነበር።

ድሪቶ መደረት ያገኙትን ጨርቅ ሁሉ እንዲያው ማጣበቅ አይደለም። ደራቹ እያንዳንዱን እራፊ በእጁ ዳስሶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ድርና ማጉ የሳሳውን ከጸናው ይለያል፤ ከገላ ለሚገናኘው ገጽ በእጥበት ብዛት የለሰለሰውን የነጠላና የጋቢ ቅዳጅ፣ ለውጩ ደግሞ ጠንከር ያለውን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በምጽዋ በኩል ይገባ የነበረውን አቡጀዲ፣ ከጣልያን ወረራ በኋላም ካኪውን ይመርጣል። ጥለት ያለበት እራፊ ሲገኝ ከነጩ መካከል ይገባል፤ በእኔ አስተያየት የድሪቶ ውበት ከዚህ ይጀምራል። ጌታችን በወንጌል ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ ያስተማረውም ምሳሌ ለዚህ ሥራ ቀጥተኛ ሕግ ነው፤ ውኃ ያልነካው ጨርቅ በታጠበ ጊዜ ተኰማትሮ፣ የተጣፈበትን አሮጌ ይቀድደዋልና።

ስለዚህ የነገሥታቱን ካባ በክብር የሚጠብቁ ቤተ መዘክሮቻችን፣ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ የነዳያኑንና የመናንያኑንም ድሪቶ ሊሰበስቡ ይገባቸዋል።