የድጓው ደራሲ ማን ነው?

ትውፊታችን ድጓን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ለኖረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ይሁን እንጂ የምናውቃቸው የብራና ቅጂዎች ከእርሱ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት የዘገዩ ናቸው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኖሩት ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የሚዜም ድርሰትም ይገኝባቸዋል። የዜማ ምልክቶቹን ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው ይነገራል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1777 ፓሪስ ላይ በሃይድን ስም ለ4 ባለ አውታር መሣሪያዎች የተደረሱ 6 ኳርቴቶች ታትመው ነበር፤ በ1964 ሊቃውንት ኅትመቱን ሲመረምሩ በሁለቱ ላይ ሆፍስቴተር የተባለ መነኩሴ ስም ተፍቆ አገኙ።

ስለዚህ ቅጂዎችን በየዘመናቸው አስተያይቶ የትኛው ድርሰት መቼ እንደ ገባ መለየት ያሬድን አያሳንስም፤ በስሙ ጥላ ሥር የተረሱትን መሪጌቶች ያስታውሳል እንጂ።